የቤቱ ጭስ ለቤቱ ይመለስ

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ስሙን ብነግራችሁ «ተመስገን፣ የኛ አይደለም» ብላችሁ እግራችሁን ዘርግታችሁ ትተኛላችሁ። እኔ ደግሞ እንድትተኙ አልፈልግም።

ትርንጎ እባላለሁ። ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። አምስተኛ ክፍል በራፍ ላይ ስደርስ አክስቴን ይርገዱን ትንፋሽ አጠራትና ዕቃዋን የሚይዝላት ሰው አስፈለጋት። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንጋደድ በእኔ አትፍረዱ፤ በአክስቴ ደረትም አትፍረዱ። በማን እንደምትፈርዱ ስጨርስ እናንተው ታውቁታላችሁ።

በኛ ከተማ አየር ሁለት ዓይነት ነው። የውጭ አየር የሕዝብ ነው፤ የቤት አየር የባለቤቱ ነው። ይህን የደነገገው የአየር ዳኛው ነው። በገበያ፣ በመንገድ፣ በችሎት ትምባሆ ማጨስ ክልክል ነው። ዳኛው በገበያ ቀን አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ በድንኳኖቹ መሃል ያልፋል፤ ያሸትታል፤ «ንጹሕ!» ይላል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። የሌላ አገር ሰዎች ከእኛ ሊማሩ ይመጣሉ ይባላል። ሲመጡ ግን አላየሁም።

ቤት ሲገባ ሌላ ነው። ጋያ የሌለበት ቤት የለም። ጋያ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሆዷ ውሃ የያዘ ቅል ናት፤ አናቷ ላይ ትምባሆና ፍም፣ ጎኗ ላይ መሳቢያ ሸምበቆ። ሲስቧት እንደ ሽሮ ትንዶቀዶቃለች። ቤቱ በጭስ ካልታፈነ «ባለቤት የሌለው ቤት» ይባላል። ልጃገረድ ስትጠየቅ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚሉት «ጣራቸው ጠቁሯል?» ነው። መስኮት አለ፤ በሚስማር ተመትቷል። መስኮት የሚሠራው ባለቤቱ የሚዘጋው ነገር እንዳያጣ ነው።

ጭሱ የባለቤቱ ንብረት ስለሆነ ይዞት መውጣት ስርቆት ነው። ለሥራ የገባች ሴት ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆማ ነጠላዋን ትዘረጋለች። ባለቤቱ አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸተዋል። «የኔ ነው፤ አራግፊ!» ይላል። ወደ ውስጥ ታራግፋለች። ደግሞ ያሸታል፤ «ሂጂ» ይላል። ነጠላው ግን ያው እንደ ሸተተ ነው። ይህን ባለቤቱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ሥርዓት ስለሆነ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ።

አክስቴ አገላባጭ ነበረች። አልጋ ላይ የወደቀ ሰው ሳይገላበጥ ከዋለ ጀርባው ይቆስላል። የኛ ከተማ ሰው እናቱን ይወዳል፤ እናቱን ማገላበጥ ግን አይወድም። ስለዚህ አገላባጭ ትጠራለች። ከቤት ቤት እየዞረች ታማሚውን ትገለብጣለች፣ ታጥባለች፣ ጀርባውን በቅባት ታሻለች፣ ደጃፍ ላይ ታራግፋለች፣ ወደሚቀጥለው ጭስ ትገባለች።

«እጅ አይምሰልሽ የሚያነሳው» ትለኝ ነበር። «ትንፋሽ ነው።» አንዱ ክንድ ከትከሻ ሥር፣ አንዱ ከዳሌ ሥር ይገባል። ከዚያ አገላባጯና ታማሚዋ አብረው ትንፋሽ ይስባሉ፤ «እህ!» ሲባል ወደ ግድግዳ። መሃል ላይ ትንፋሽ ካለቀ ታማሚዋም መሃል ላይ ትቀራለች። አክስቴ አንድም ቀን መሃል ላይ ሰው ጥላ አታውቅም። የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነበር።

ከደንበኞቿ ሁሉ የምትወዳቸው እማማ የሻረግን ነው፤ የጋሽ ጓንጉልን እናት። ጋሽ ጓንጉል ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ። እናቱ ብቻዋን እንዳትሆን ብሎ ቀኑን ሙሉ ከግርጌዋ ተቀምጦ ጋያውን ይስብላታል። «ይስብላታል» ያልኩት እሱ እንደሚለው ነው።

«ይርገዱ፣ መጣሽ? ሌላ አሮጊት ወደድሽ ብዬ ቀንቼ ነበር» ይላሉ እማማ የሻረግ፣ ከጭሱ ውስጥ።

«እርስዎን የመሰለ ከባድ ከየት አገኛለሁ፣ እማማ?»

«ይሄ ስድብ ነው ሙገሳ?»

«ጀርባዎን ይጠይቁት።»

ይሳሳቃሉ። ሳቁ ወደ ሳል ይሄዳል። ጋያዋ ትንዶቀዶቃለች፤ ሳሉ አይሰማም።

አንድ ቀን አክስቴ ክንዶቿን አስገባች፤ ትንፋሽ ሳበች፤ «እህ!» አለች፤ መሃል ላይ ያዛት። ሳል ነው። እማማ የሻረግ በጎናቸው ተንጠልጥለው ቀሩ፤ ወደ ግድግዳም አይደርሱ፣ ወደ ኋላም አይመለሱ። የአክስቴ ክንድ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ ወጥቷል፤ ግን አልለቀቀችም።

ጋሽ ጓንጉል ሸምበቆውን ከአፉ አወጣ። «አንቺ ይርገዱ! ጭሴ ፊት ትስያለሽ?»

በኛ አገር ጭስ ፊት መሳል ነውር ነው፤ ጭሱን ፊት ለፊት «አልተስማማኸኝም» እንደማለት ነው። የሳለች ሴት ወደ ጋያዋ ጎንበስ ብላ «ይቅር በይኝ» ትላለች። አክስቴ ደግሞ ሁለት ክንዷ ላይ እናቱን ተሸክማለች፤ በየት በኩል ትጎንበስ?

ዕቃውን ጥዬ አልጋው ላይ ወጣሁ፤ እማማን በትከሻዬ ደገፍኩ። «ጋሼ፣ ይያዙልን እንጂ!»

«እኔ? እኔ እኮ አላውቅበትም።»

«መያዝ ነው እኮ! ጋያዋን እንደሚይዟት!»

«ባለጌ!» አለኝ። ጋያዋን ግን አላስቀመጠም። እንደምንም እኔና አክስቴ እማማን መለስናቸው። ስንወጣ ነጠላችንን አሸተተ። «የኔ ነው፤ አራግፊ!» አለ። አክስቴ ነጠላዋን ለማራገፍ እጇን ማንሳት አቃታት፤ እኔ አራገፍኩላት።

በማግስቱ ደረት አዳማጩ ዘንድ ወሰድኳት። ደረት አዳማጭ ጆሮውን ጀርባ ላይ ለጥፎ የሚሰማ ሐኪም ነው። ቤቱ የተቀበለን ጋያውን በቀኝ እጁ ይዞ ነው።

«አንቺ ታጨሻለሽ?»

«በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም።»

«ቤትሽስ የሚያጨስ አለ?»

«እኔና ይቺ ልጅ ብቻ ነን።»

ጭሱን ጀርባዋ ላይ ለቀቀው። «እንግዲያው ጭስ ሊሆን አይችልም። ያልጠጡት ጠላ አያሰክርም። ምናልባት የሰው ሀብት አይተሽ ቀንተሽ ይሆናል፤ ቅናት ደረት ላይ ነው የሚቀመጠው።»

«ስንወጣ ነጠላችንን አያሸቱትም?» አልኩት።

«ለምን?»

«ያልጠጣነው ጠላ ይሸትብን እንደሆነ ብዬ ነው።»

አክስቴ ቆነጠጠችኝ። በመንገድ ላይ ግን ስትስቅ አየኋት፤ እስኪያስላት ሳቀች።

ልጅ ብሆንም ሒሳቡ ይገባኛል። ሥራውን ብትተው የምንበላው የለም። ባትተወው ትንፋሽ የላትም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አክስቴ የምትሠራበት ቤት ቢያንስ እሷ እስክትወጣ ጋያው እንዲጠፋ። ስለዚህ ወደ አየር ዳኛው ችሎት ሄድን። ችሎቱ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ነጭ፣ መስኮቱ ወለል ያለ። አክስቴ ገብታ ተቀመጠችና «እዚህ ቢያሳድሩን ምን አለበት» አለችኝ በጆሮዬ።

«የሥራ ቦታሽ የት ነው?» አላት ዳኛው።

«የጋሽ ጓንጉል ቤት፣ ጌታዬ። ሌሎችም አሉ።»

«ቤት የሥራ ቦታ አይደለም። ቤት ቤት ነው።»

«እኔ ግን እዚያ ነው የምሠራው።»

«እንግዲያው እንግዳ ነሽ። እንግዳ ደግሞ የቀረበለትን ይቀምሳል። ሕጌ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠውን ይጠብቃል፤ መንገድ የሚጠርገውን ይጠብቃል። አንቺን እንዳይጠብቅሽ ያደረግሽው አንቺው ነሽ፤ ደጅ መሥራት ስትችዪ ቤት ገባሽ።»

«አልጋ ላይ የወደቀ ሰው ደጅ አይገኝም፣ ጌታዬ።»

«እሱ የእነሱ ጉዳይ ነው።»

እዚህ ላይ አፌ ቀደመኝ። «ክቡር ዳኛ፣ የቤት ጭስ የማን ነው?»

«የባለቤቱ።»

«ይዞት የወጣ?»

«ሌባ ነው። ስለዚህ ነው የሚራገፈው።»

«ነጠላችንን እናራግፋለን። ደረታችንንስ? አክስቴ ስትወጣ በደረቷ ይዛው ትወጣለች። ይኸው የከተማውን ሙሉ ጭስ ሰርቃ እዚህ ተቀምጣለች።»

ያፍራል ብዬ ነበር። ዳኛው ግን ከወንበሩ ተነሳ፤ ፊቱ በራ። እንዲህ ያለ ጉዳይ ገጥሞት አያውቅም። ጋሽ ጓንጉልን አስጠራው። ጋሽ ጓንጉል ሰምቶ በጣም ተበሳጨ፤ «ታዲያ የኔ ይበልጣል! ትምባሆዬ ከባድ ነው፤ ደረቷ ውስጥ ያለው አብዛኛው የኔ መሆን አለበት» አለ። ዳኛው ፈረደ፤ «የቤቱ ጭስ ለቤቱ ይመለስ። ይርገዱ የያዘችውን ሁሉ እስክትመልስ ድረስ ከጓንጉል ቤት አትወጣም።»

እንዲህ ሆነ። ለአክስቴ ከእማማ የሻረግ አልጋ አጠገብ አልጋ ተነጠፈላት። ጋሽ ጓንጉል በሁለቱ ግርጌ መሃል ተቀመጠና ጋያውን ለኮሰ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ምላሴን ልቆርጠው ደረስኩ።

«አፍሽ አስገባን» አለችኝ አክስቴ ከጭሱ ውስጥ። «አሁን አፍሽ ያውጣን።»

ሮጥኩ። ዳኛውን ገበያ መሃል አፍንጫውን እንደቀሰረ አገኘሁት።

«ክቡር ዳኛ፣ ፍርድዎ እየተሰረቀ ነው!»

«ማን ነው የሚሰርቀው?»

«ጋሽ ጓንጉል። አክስቴ ስትመልስ እሱ ይጨምርላታል። ቀዳዳ እንስራ ነው የሆነው፤ መቼም አያልቅ። ደግሞ ቤቱ በጭስ ታፍኖ የመለሰችውን ጭስ ማን ለይቶ ያየዋል? ‹መለስኩ› ብትልስ? ‹አልመለሰችም› ቢልስ? እርስዎ በምን ሊፈርዱ ነው?»

ዳኛው አፍንጫውን ዝቅ አደረገ። ፍርዱ ሲነካበት አይወድም። እዚያው ገበያ መሃል ትእዛዝ ሰጠ፤ ጭሱ ተመልሶ እስኪያልቅ የጓንጉል ጋያ ይጥፋ፣ የተመለሰው ጭስ በዓይን እንዲታይ መስኮቱ ይከፈት።

ጋሽ ጓንጉል ሚስማሮቹን ራሱ ነቀላቸው። ሌላ ሰው እንዲነካበት አልፈለገም። አባቱ የመታቸው ናቸው፤ ሲነቀሉ እንደ ሰው ጮኹ። መስኮቱ ሲከፈት ጥላሸቱ ተራግፎ እላያችን ላይ ወረደ፤ ከጥላሸቱ ኋላ ብርሃን ገባ። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። መጀመሪያ የገለጡት እማማ የሻረግ ናቸው። ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት።

«ጓንጉል፣ ሸምግለሃል እኮ!»

እሱም እናቱን አየ። ቀድሞ ጋያዋ ወደ ነበረችበት እጁን ሰደደ። የለችም።

ዳኛው ወንበር አስመጥቶ አክስቴ አፍ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ጭሱ ሲወጣ ሊያይ። አክስቴ ሳለች። ዳኛው ጠጋ አለ። አክታ ነው፤ ትንሽ ደም አለበት።

«ይሄ ጭስ አይደለም» አለ ዳኛው።

«ሌላ የለኝም፣ ጌታዬ» አለች አክስቴ። «ያለኝን ነው የምሰጥዎት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እንደዚያ ቀን ያለ ጸጥታ እዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም፤ የሚንዶቀዶቅ ነገር የለማ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሌላ ሳል ተሰማ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የመሰለ።

ጋሽ ጓንጉል ዘወር አለ። «ማን ነው የሳለው?»

«እናትዎ ናቸው» አለች አክስቴ።

«እማዬ? ከመቼ ጀምሮ?»

እማማ የሻረግ አልተቆጡም። ዛሬ ምን ቀን ነው እንደተባለ ሰው ቀስ ብለው መለሱ። «አንተ ከግርጌዬ ከተቀመጥክ ጀምሮ፣ ልጄ።» ከዚያ ወደ ዳኛው ዞር አሉ፤ «እኔስ፣ ጌታው? እኔ ከዚህ ቤት ወጥቼ አላውቅም። የኔን ለማን ነው የምመልሰው?»

ዳኛው «ይህ በችሎቱ ፊት የቀረበ ጉዳይ አይደለም» አለ። ከዚያም ጭስ ስላልታየ ንብረቱ አልተመለሰም፤ ስለዚህ ፍርዱ ይቀጥላል ብሎ ሄደ።

ፍርዱ ቀጠለ። እግዜር ይስጠው እንጂ፣ አክስቴ በሕይወቷ ካሳለፈቻቸው ቀናት ሁሉ ጥሩዎቹ የቅጣቷ ቀናት ነበሩ። በተከፈተ መስኮት ሥር ትተኛለች። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ሆነው የሰው ሐሜት ያነሳሉ፤ የእኔንም ጨምሮ።

«ይቺ ልጅ ባል አታገኝም» ይላሉ እማማ።

«ለምን?»

«ጣራቸው ጠቁሯል ወይ ሲሏት ‹ጥረጉት› ትላቸዋለች።»

አክስቴ ተኝታ ሥራ አስተማረችኝ። «ክንድሽን አስገቢ። ገና ነው፤ አስገቢ። አሁን ትንፋሽ።» እማማ የሻረግን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ስገለብጥ ጋሽ ጓንጉል ተነስቶ መጣ። አንድ ክንድ ከዳሌያቸው ሥር አስገባ። «እንዲህ ነው?» አለኝ። «እንዲህ ነው፣ ጋሼ» አልኩት። ሌላ ልለው የነበረውን ዋጥኩት፤ አንዳንዴ ይዋጥልኛል።

የአክስቴ ጉንጭ ትንሽ ደም የመለሰ መሰለኝ። መሰለኝ ነው ያልኩት። ዘግይቶ የተከፈተ መስኮት ነፋስ ያስገባል እንጂ ደረት አያድስም። ማንኪያ መያዝ አቃታት፤ ከዚያ ጮክ ብሎ መናገር። አንድ ማለዳ በዓይኗ ጠራችኝ።

«አገላብጪኝ» አለች በትንፋሿ።

«ወዴት?»

«ወደ መስኮቱ።»

አንዱን ክንዴን ከትከሻዋ ሥር፣ አንዱን ከዳሌዋ ሥር አስገባሁ። ምንም አትከብድም። እኔ ትንፋሽ ሳብኩ፤ እሷም ሳበች። «እህ!» አልን አብረን። ወደ መስኮቱ ዞረች። መሃል ላይ አልጣልኳትም።

ቀጥሎ ትንፋሽ የሳብኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ለቀብር ስናወጣት ደጃፉ ላይ ቃሬዛው ቆመ። ማንም አልነገራቸውም፤ የተሸከሙት ሰዎች በልማድ ቆሙ። ከዚህ ቤት የሚወጣ ጨርቅ ሁሉ ይሸተታል፤ ይራገፋል። ዳኛውም ፍርዱ እንዴት እንደሚያልቅ ሊያይ መጥቶ ደጁ ላይ ቆሟል። ነጠላዋ ከላይዋ ላይ ነበር። አነሳሁትና ዘረጋሁት።

ጋሽ ጓንጉል ቀረበ። አፍንጫውን አስጠጋ። ያ ነጠላ ስንት ቀን በንጹሕ አየር ተዘርግቷል፣ ታጥቧል፤ አሁንም ይሸታል። አሸተተው። ቶሎ ቀና አላለም። ፊቱን እዚያው ጨርቁ ውስጥ እንደቀበረ ቆየ።

«የኔ ነው» አለ።

ሰው ሁሉ ቀሪዋን ቃል ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። አላላትም።

«‹አራግፊ› በላት እንጂ!» አለ ዳኛው።

«የኔ ነው» አለ ጋሽ ጓንጉል ደግሞ። ነጠላውን ከእጄ ወስዶ አጣጠፈው፤ ትከሻዬ ላይ አደረገልኝ። ከዚያ ከፊት የተሸከመውን ሰው ገለል አድርጎ ቃሬዛውን ራሱ ያዘ፤ መያዝ አውቆበታል። ደጃፉን ተሻገርን። ወደ ሕዝብ አየር ስንወጣ ዳኛው ሽታው ደረሰውና አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። አክስቴን ሲያሸታት ያኔ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን አገላባጭ እኔ ነኝ። ዳኛው ዛሬም ገበያ መሃል «ንጹሕ!» ይላል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሌሎቹ ቤቶች እንዳሉ ናቸው፤ ስገባ አፌን በነጠላ እሸፍናለሁ፣ ስወጣ ያሸቱኛል። የእማማ የሻረግ መስኮት ግን ክፍት ነው። ጋሽ ጓንጉል ጋያውን ይዞ ደጅ እንዳይወጣ ሕጉ ይከለክለዋል፣ ውስጥ እንዳይስብ እናቱ ይስላሉ። ስለዚህ ጋያዋ መደርደሪያ ላይ ደርቃ ተቀምጣለች፤ እሱ ከግርጌ ተቀምጦ ሸምበቆ የለመዱ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

ሚስማሮቹን አልጣላቸውም። ቀና አድርጎ፣ አጽድቶ፣ ጋያዋ አጠገብ ደርድሯቸዋል። «ለምንድን ነው፣ ጋሼ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «እንዲያው ነው» አለኝ።

ሁልጊዜ እዚያ ቤት ስገባ እማማ የሻረግን ሰላም ከማለቴ በፊት መደርደሪያውን አያለሁ።